የኪናርዱ ሌርድ በጎንደር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከጎንደር የደረሱን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው «ሌርድ» የሚል አንድ የስኮትላንድ ቃል ላይ ስለተገናኙ፣ አንድ ላይ ብመልሳቸው ይሻላል ብዬ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ስጠቅስ ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።

ጥያቄ፦ ፋሲል ግቢ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ስለ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ስለ ጄምስ ብሩስ ስናገር እስካሁን «የኪናርድ ጌታ» እያልኩ ነበር። በቀደም ዕለት አንድ የስኮትላንድ እንግዳ «ሎርድ አልነበረም፣ ሌርድ ነው» ብለው አረሙኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው? (አስጎብኚ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ እንግዳዎ ልክ ናቸው። ሎርድ ማዕረግ ነው። ሌርድ ግን መሬት ያለው ሰው መጠሪያ ነው። ብሩስ ኪናርድ የሚባል መሬት ስለነበረው የኪናርድ ሌርድ ተባለ፤ መሬቱን ቢሸጠው ኖሮ ሌርድነቱም አብሮ ለገዢው ይሄድ ነበር። ሎርድ ግን መሬቱን ሁሉ ቢያጣም ሎርድ እንደሆነ ይሞታል።

ሁለቱም ቃላት የወጡት ከአንድ ምንጭ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ህላፎርድ» የሚል ቃል ነበር፤ ዳቦ ጠባቂ ማለት ነው፣ ቤተሰቡንና አሽከሮቹን የሚያበላው አባወራ። ቃሉ እያጠረ ሲሄድ በእንግሊዝ «ሎርድ» ሆነ፣ በስኮትላንድ «ሌርድ»። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ብዙ ናቸው። እንግሊዙ ቤቱን «ሆም» ሲል ስኮቱ «ሄም» ይላል፤ ድንጋይንም አንዱ «ስቶን» ሌላው «ስቴን» ይለዋል። ስኮትስ የሚባለው ይህ ቋንቋ የእንግሊዝኛ እህት ነው። ከደጋው ስኮትላንድ ቋንቋ ከጌሊክ ጋር እንዳይምታታብዎት፤ ጌሊክ ሌላ ነገድ ነው።

ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቃሉ ጠበብ እያለ መጣ። መሬታቸውን በቀጥታ ከንጉሡ የያዙ፣ ነገር ግን ከትልልቆቹ መኳንንት ተርታ ያልገቡ ሰዎች ናቸው ሌርድ የተባሉት። እነዚህ ሰዎች ፓርላማ የመቀመጥ መብት ነበራቸው፤ ግን ማን ነው ስንቁን ቋጥሮ በየጊዜው ፓርላማው ድረስ የሚመላለሰው? በ1428 ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ «ከየአውራጃው ተወካይ ላኩና እናንተ ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚል ሕግ አወጣ፤ ሕጉ ግን ብዙም አልሠራም። ውክልናው በደንብ የያዘው በ1587፣ ጄምስ ስድስተኛ ሕጉን ሲያድሰው ነው። በመካከሉ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሆኗል። በነሐሴ 1560 አንድ መቶ የሚሆኑ ሌርዶች ግልብጥ ብለው ፓርላማ መጡ፣ እኛም ድምፅ አለን አሉ። የሮማው ፖፕ በስኮትላንድ ላይ የነበረውን ሥልጣን የሻረው ያ ፓርላማ ነው። የአገራቸው ሃይማኖት ሲለወጥ ከዳር ቆመው አልተመለከቱም፤ ስለዚህ «ትንሽ ባላገር» ብለን ልናልፋቸው አይገባም።

ሌርዶች የሚጠራሩት በመሬታቸው ስም ነው። ጎረቤት ሌርድ ሲመጣ በአባት ስሙ አይጠራም፤ የመሬቱን ስም ብቻ ይሉታል። በዚህ ወግ ጄምስ ብሩስ «ኪናርድ» ነው። እንዲያውም መሬት የቤተሰብ ስም ሲያስቀይር ከብሩስ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኝም፤ የብሩስ አባት አባት «ሄይ» ነበር የሚባለው፣ የኪናርድን ወራሽ ሄለን ብሩስን ሲያገባ ግን ስሙን ለውጦ ብሩስ ሆነ። ማለትም እኛ ጎንደር ላይ የምናውቀው ብሩስ በአባት ወገን ቢቆጠር ሄይ ነው!

ከሌርዶች መካከል ደግሞ ዝቅ ያለው «ቦኔት ሌርድ» ይባላል። ቦኔት ገበሬው የሚያደርጋት የሱፍ ቆብ ናት። ቦኔት ሌርድ መሬቱ የራሱ ነው፣ ግን ትንሽ ስለሆነች ራሱ ያርሳታል፣ እንደ ገበሬው ቆቡን አድርጎ ይወጣል። ስለዚህ ሌርድ ሲባል ሁልጊዜ ግንብ ቤትና ፈረስ ብቻ አይታይዎት።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሌርድን አንዳንዴ ባላባት፣ አንዳንዴ ባለ ርስት፣ አንዳንዴም ባለ ጉልት እያሉ ይተረጉሙታል። የትኛው ይሻላል? (መምህር፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ መምህር፣ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ እንዳለ የሚገጥም ግን የለም።

ባላባት ቶሎ ይወድቃል። ባላባት ባለ አባት ነው፣ ዘሩ የሚቆጠር፣ ትውልዱ የሚታወቅ። ሌርድም ዘሩን መቁጠር ይወዳል፤ ሌርድ የሚያደርገው ግን ዘር አይደለም። የኤዲንብራ ጠበቃ ገንዘብ አጠራቅሞ መሬት ቢገዛ ሌርድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሕንድ ንግድና በካሪቢያን ደሴቶች በባሪያ ጉልበት ከሚመረተው ስኳር የከበሩ ስኮቶች አገራቸው ተመልሰው መሬት እየገዙ ሌርድ ሆነዋል። በእኛ አገር ሰው በብር ባላባት አይሆንም።

ባለ ርስት ይጠጋል። ርስት ከእጅ አይወጣም፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባል የለ? ሌርድም መሬቱን ለልጅ ልጅ ያወርሳል። ልዩነቱ አወራረሱ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀላል ልዩነት አይደለም። በጎንደርና በጎጃም ርስት የአንድ አቅኚ አባት ልጆች ሁሉ ነው። ወንዱም ሴቷም፣ በአባትም በእናትም ተወልደው ድርሻ ይጠይቃሉ። ለዚህም ነው አያቶቻችን ትውልድ ሲቆጥሩና ሲሟገቱ የኖሩት፤ አንድ ሰው በአራት በአምስት መስመር ርስት ሊጠይቅ ይችላል፣ ያገኘውም መሬት እዚህም እዚያም የተበጣጠሰ ነው። በስኮትላንድ ግን መሬቱ እንዳለ ለበኩር ወንድ ልጅ ይሄዳል። ታናናሾቹ ወታደር፣ ቄስ፣ ነጋዴ ይሆናሉ፣ ወይም ባሕር ተሻግረው ይሄዳሉ። ሴቶቹ የሚወርሱት ወንድም ከሌላቸው ነው። የእኛ ርስት በየትውልዱ ሲካፈል፣ የሌርዱ መሬት ሦስት አራት መቶ ዓመት ሳይቆረስ ይቆያል። ዛሬም የስኮትላንድ ገጠር በጥቂት ሰዎች እጅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኼው ነው።

ባለ ጉልት ደግሞ በሥራው ይመስለዋል። ባለ ጉልት መሬቱን አያርስም፣ ከሚያርሰው ግብር ይቀበላል፣ ሥራ ያዛል፣ ይዳኛል። መሬቱ የባሮንነት መብት፣ ማለትም ንጉሡ የሰጠው የመዳኘት ሥልጣን፣ ያለው ሌርድም እንዲሁ ነበር። ተከራዮቹ እህል ያመጣሉ፣ ዶሮ ያመጣሉ፣ ለማገዶ የሚሆነውን የረግረግ አፈር ይቆፍሩለታል፣ በፈረሳቸው ዕቃውን ያመላልሳሉ። እህላቸውን እንኳን የትም ወስደው ማስፈጨት አይችሉም። የሌርዱ ወፍጮ ቤት ብቻ ነው የሚፈጩት፣ ከእህሉም ለወፍጮው ድርሻ ይቀነሳል። ከሁሉ ይህኛውን በጣም ይጠሉት ነበር፤ አጠገባቸው ሌላ ወፍጮ እያለ ጭነው ሩቅ ይሄዳሉና።

ችሎትም ነበረው። በድሮው ዘመን የአንዳንዱ ባሮን መብት «ጉድጓድና መስቀያ» ይባላል፤ ጥፋተኛ ወንድ ይሰቀላል፣ ጥፋተኛ ሴት ውኃ በሞላ ጉድጓድ ትሰጥማለች። ይህ መብት በሕግ የተቆረጠው በ1746 ከከለደን ጦርነት በኋላ ነው። የለንደን መንግሥት የስኮትላንድ ባለ መሬቶች ሰው እያሰለፉ እንደሚያምፁ ስላየ በዘር የሚወረሰውን ዳኝነት ሻረ፣ ሕጉም በ1748 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ለባሮኑ ችሎት የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፣ ያልተከፈለ ኪራይና የመንደር ጠብ።

እንግዲህ ጉልት ንጉሥ ይሰጣል፣ ንጉሥ ይነሣል። የሌርዱ መሬት ግን በውርስ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ሌርድ በውርሱ ባለ ርስት፣ በገዢነቱ ባለ ጉልት ነው ቢባል ወደ ልክ እንጠጋለን። እኔ የምመክርዎት ቃሉን እንዳለ «ሌርድ» ብለው አስገብተው ከጎኑ ማስረዳትን ነው። «ራስ» እና «ደጃዝማች» በፈረንጅ መጻሕፍት እንዳሉ ይገባሉ፤ ሌርድም በአማርኛ መጽሐፍ እንዳለ ቢገባ ምን ችግር አለው?

መምህር ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ ከርስትና ከጉልት ሌላ «ሪም» ነበረ። ለቤተ ክርስቲያን ከተሰጠ መሬት ለካህናቱና ለመኳንንቱ የሚደለደል ይዞታ ነው። ሪም ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ሴቶችም ይይዙታል፤ ሽያጩ የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነው፣ ምስክሮችም ይጠራሉ። ስኮትላንድ ከ1617 ጀምሮ የመሬት ዝውውር የሚመዘገብበት የሕዝብ መዝገብ ነበራት። በዚያ ዘመን መሬት ሲተላለፍም ሰዎቹ ቦታው ላይ ይቆማሉ፣ ሰጪው አፈርና ድንጋይ አንሥቶ በተቀባዩ እጅ ላይ ያኖራል፣ ጸሐፊው ያንን አይቶ ይመዘግባል። ተማሪዎችዎ ሪምን ከዚህ ጋር ቢያነጻጽሩት ከጉልት የተሻለ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ ብሩስ ግሽ ዓባይን በጉልት ተሰጥቶት ነበር ይላሉ። እውነት ነው? ከሆነ የግሽም ሌርድ ነበር ማለት ነው? (አንባቢ፣ ከቀበሌ 18)

መልስ፦ አባትዎ ያሉት ብሩስ ራሱ ጽፎታል። ብሩስ ጎንደር የገባው የካቲት 14 ቀን 1770 ነው። ያን ጊዜ ነገሥታቱ ስም እንጂ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር፤ ዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ተቀምጠዋል። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ነበሩ። ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ስለነበር ብሩስ የቤተ መንግሥቱን ልጆች አከመ፣ በዚያም በእቴጌይቱና በልጃቸው በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ተወደደ። ስሙንም ያዕቆብ አሉት፤ ጄምስና ያዕቆብ አንድ ስም ስለሆነ ለእሱም አልከበደውም።

በጻፈው መሠረት ሁለት ነገር ተሰጥቶታል። አንደኛው በስናር (በዛሬዋ ሱዳን) ድንበር በኩል ያለው የራስ ኤልፊል ግዛት ሹመት ነው። ሁለተኛው ግሽ ነች። ንጉሡ የግሽን መንደርና የዓባይን ምንጮች ለእሱና ለዘሩ ለዘላለም ሰጠሁ አሉ። ምንጩ ጋ የደረሰው ኅዳር 4 ቀን 1770 ነው፣ ያውም የአውሮፓ ኅዳር።

ሌርድ ነበር ወይ ላሉት፣ እኔ አይደለም እላለሁ። ግሽ ያለችበት አገር ያን ጊዜ በንጉሡ እጅ ሳይሆን በዳሞቱ ገዢ በፋሲል እጅ ነበረች፤ ብሩስም ወደዚያ ለመሄድ የፋሲልን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። የንጉሥ ቃል ጉልት ቢሰጥም አገሩን የያዘው ሰው ካልፈቀደ ጉልቱ አይበላም። ኪናርድ ላይ ግን ብሩስ የማንንም ደጅ አይጠናም፤ አባቱ በ1758 ሲሞት ወረሰ፣ አለቀ። መሬቱ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ነበረ፣ ጎረቤቱ የተቋቋመው የካሮን ብረት ፋብሪካም ከሰሉን ይገዛው ነበር። ወደ እኛ አገር ያመጣውን ጉዞ የቻለው በዚህ ገቢ ጭምር ነው። የኪናርድ ከሰል ባይኖር ኖሮ፣ ብሩስ ይዟቸው የሄደው የመጽሐፈ ሄኖክ የግእዝ ቅጂዎች በ1773 አውሮፓ መድረሳቸው ይቅርና የብሩስን ስም እንኳን ላንሰማ እንችል ነበር።

ከጎንደር በታኅሣሥ 1771 ወጣ፣ በስናር በኩል አድርጎ አገሩ ገባ። መጽሐፉን በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። ብዙ ሰው አላመነውም፤ ያ በጣም ያሳዝነኛል፣ ስለ ጎንደር ከጻፈው አብዛኛው እውነት መሆኑ በኋላ ታውቋልና። በ1794 እዚያው ኪናርድ ቤቱ ውስጥ ከደረጃ ወድቆ ሞተ። ላርበርት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው የመቃብሩ ሐውልት ከብረት የተሠራ ነው፤ ያው ከሰሉን ሲገዛ የነበረው የካሮን ፋብሪካ ነው ያቀለጠው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ «ስኮትላንድ ውስጥ አንድ ካሬ ጫማ መሬት ግዙና ሌርድ ሁኑ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ዋጋውም ብዙ አይደለም። ለወንድሜ ሠርግ ስጦታ ልገዛለት አስቤ ነበር። እውነት ነው ወይስ ማጭበርበር? (ከማራኪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። የስኮትላንድ የመሬት ምዝገባ ሕግ እንዲህ ያለችውን ቁራሽ «የማስታወሻ ቦታ» ይላታል፣ ምዝገባም አይቀበልም። ካልተመዘገበ በሕጋቸው ባለቤት አልሆንክም። የማዕረግና የአርማ ጉዳይ የሚወስነው የሎርድ ላየን ጽሕፈት ቤትም እንዲህ ያለች ቁራሽ መሬት መግዛት ሰውን ሌርድ አያደርግም ብሎ በግልጽ ተናግሯል። የሚላክልህ ያማረ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ለቀልድ ከፈለግከው ያንተ ጉዳይ፤ «ወንድሜ የስኮትላንድ ባለ መሬት ሆነ» ብለህ ግን ሠርግ ላይ እንዳታስነግር።

ከዚህ በላይ ግን ልብ እንድትል የምፈልገው አለ። ማስታወቂያው ሌርድን እንደ ጌጥ ነው የሚሸጠው፤ የተከራዮቹ ልጆች ግን ቃሉን ሲሰሙ የሚያስታውሱት ሌላ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የደጋ ስኮትላንድ ባለ መሬቶች በግ ማርባት ስለሚያዋጣቸው ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የኖሩትን ገበሬዎች አፈናቀሉ። ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ወደ ባሕር ዳርና ወደ ካናዳ ተሰደደ። ገበሬው ያለ ምክንያት እንዳይነሣና ኪራዩም ልክ እንዲኖረው የሚያደርግ ሕግ የወጣው በ1886 ነው፣ እሱም ከብዙ ትግል በኋላ። በእኛ በኩል ስለ ጭሰኛ የሰማህ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባሃል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን የእኛው በአንድ ቀን ተቆረጠ። ስኮትላንድ ውስጥ የፊውዳሉ ሥርዓት ከሕጉ ሙሉ በሙሉ የወጣው ገና ኅዳር 28 ቀን 2004 ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። ያም ቢሆን ሥርዓቱ ቀረ እንጂ የሌርዱ መሬት አልተወሰደም። አንዳንድ ቦታ ሕዝቡ ራሱ ገንዘብ አሰባስቦ ገዝቷል፤ የኤግ ደሴት ነዋሪዎች በ1997 ደሴታቸውን እንዲህ ነው የገዙት። ለወንድምህ ስጦታ ከዚህ አገር ጋቢ ግዛለት፣ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ሴት ሌርድ አለች? የሌርድ ሚስትና ልጆችስ ምን ይባላሉ? (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አጭር ነው። በድሮው ወግ የሌርድ ሚስት በባሏ መሬት ስም «ሌዲ» ትባል ነበር፤ በዚህ አጠራር የብሩስ ሚስት «ሌዲ ኪናርድ» ትሆናለች ማለት ነው። ይህ የአክብሮት አጠራር ነው እንጂ የመኳንንት ማዕረግ አይደለም። ወራሹ ልጅ፣ አባቱ በሕይወት እያለ፣ ከስሙ ቀጥሎ «ታናሹ» ተብሎ የመሬቱ ስም ይጨመርለታል፤ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅም የመሬቱ «ልጃገረድ» ትባላለች። መሬቱን በራሷ የወረሰች ሴትም ነበረች፣ የብሩስ አያት ሄለንን እዚያ ላይ ጠቅሻታለሁ፤ መሬቷ የባሏን ስም ሲያስለውጥ አይተናል።